ግድግዳ ላይ የሚጮኸው ፊደል

ኤፕሪል 24 ቀን 1851 በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ግድግዳዎች ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ራስጌው ላይ «ተጠንቀቁ» የሚለው ቃል በሁለት ቃለ አጋኖ ታጅቦ በወፍራሙ ታትሟል። ከሥሩ ያለው መልእክት ለከተማዋ ጥቁር ነዋሪዎች የተጻፈ ነው። ከከተማው ዘቦችና ፖሊሶች ጋር ከመነጋገር ተቆጠቡ፤ ከአለቆቻቸው በወጣ ትእዛዝ ሰው አፋኝና ባሪያ አዳኝ ሆነዋልና ይላል። የጻፈው ቴዎዶር ፓርከር የሚባል የባርነት ተቃዋሚ ሰባኪ ነበር። ከ12 ቀን በፊት ቶማስ ሲምስ የተባለ፣ ከጆርጂያ ባርነት ያመለጠ ወጣት፣ በብዙ ፖሊስ ታጅቦ ከቦስተን ወደብ በመርከብ ወደ ባርነቱ ተመልሷል። ማስታወቂያውን በጊዜ ያየ ሰው ራሱን ይጠብቃል፤ ሳያየው ያለፈ ደግሞ የሲምስ ዕጣ ሊደርሰው ይችላል። መታየቱ የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር።

በዚያው ዘመን በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ሌላ ዓይነት ማስታወቂያ ይለጠፍ ነበር። የሰው ጨረታ። ወንድ ይህን ያህል፣ ሴት ይህን ያህል፣ ጨረታው በዚህ ቀን በዚህ ቦታ። ወይም ደግሞ የጠፋብኝን ባሪያ ይዞ ላመጣልኝ ይህን ያህል ወሮታ እከፍላለሁ የሚል። እነዚህም በወፍራም ፊደል ነበር የሚታተሙት። ሻጩም ሆነ አስጠንቃቂው የሚያዙት ማተሚያ ቤት ውስጥ ያለው የፊደል መሳቢያ አንድ ዓይነት ነበር፤ የሁለቱም ችግር አንድ ነበርና። መንገደኛ እየሄደ ነው፣ አንድ ቃል ብቻ ለማየት ጊዜ አለው፣ ያ ቃል ያስቁመው።

በእነዚያ መሳቢያዎች ውስጥ ጎልተው ከሚገኙት መካከል አንዱ «ስላብ ሰሪፍ» የሚባለው የፊደል ዓይነት ነው። ታሪኩ ሎተሪ አለበት፣ ግብር አለበት፣ ስርቆት አለበት፣ የግብጽ ስምም አለበት።

በላቲን ፊደል የታተመ መጽሐፍ ገልጦ አንድ ፊደል ላይ ያተኮረ ሰው፣ በቋሚው መስመር ራስና ሥር ላይ ትንሽ አግድም ሰረዝ ያያል። ባለሙያዎቹ «ሰሪፍ» ይሏታል፤ በአማርኛ የፊደሉ እግር ቢሏት አይከፋም። በጥንቶቹ የመጽሐፍ ፊደላት ይህች እግር ቀጭን ናት፣ ወደ ጫፏ ትሾላለች። በስላብ ሰሪፍ ግን ከቋሚው ጋር የሚቀራረብ ውፍረት ታገኛለች፣ ጫፏም ደፍጠጥ ብሎ ይቆረጣል። ስላብ ማለት የአዲስ አበባ ግንበኞች ሶሌታ የሚሉት ነው። ፊደሉም ኮለን ቆሞ ከላይና ከታች ሶሌታ የተጣለበት ሕንፃ ይመስላል። ለረጅም ንባብ ያደክማል። ከመንገድ ማዶ ሲያዩት ግን ሌላው ሁሉ ሲደበዝዝ እሱ ቆሞ ይጠብቃል።

የተወለደው ለንደን ውስጥ፣ የናፖሊዮን ጦርነት ባበቃበት ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የኅትመት ፊደል ማለት በዋናነት የመጽሐፍ ፊደል ማለት ነበር። እነ ዊልያም ካዝሎንና ጆን ባስከርቪል ፊደላቸውን የቀረጹት ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ነው። የፋብሪካ ዘመን ሲመጣ ግን የሚሸጥ ነገር በዛ፤ መድኃኒት፣ ጫማ ቀለም፣ የቲያትር ትኬት፣ የሠረገላ ጉዞ። ጋዜጣ ላይ ማስተዋወቅ ደግሞ ውድ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት በ1815 በእያንዳንዱ የጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ የሚጥለውን ግብር 3 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ አደረሰው፤ በእያንዳንዱ የጋዜጣ ቅጂ ላይም የ4 ፔንስ የቴምብር ግብር ነበረበት። ነጋዴው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የለንደን ግድግዳዎች በወረቀት ላይ ወረቀት ተለበጡ። ማታ የተለጠፈውን ጠዋት ሌላው ይሸፍነዋል። እንዲህ ያለ ፉክክር ውስጥ የመጽሐፍ ፊደል በገበያ መካከል የሚያንሾካሹክ ሰው ነው።

ከሁሉ አብልጠው የጮኹት የሎተሪ ነጋዴዎች ነበሩ። ሎተሪው የመንግሥት ነው፤ ትኬቱን ጅምላ ገዝተው የሚቸረችሩት ግን እንደ ቶማስ ቢሽ ያሉ ነጋዴዎች ነበሩ። ቢሽ ከተማውን በማስታወቂያ በማጥለቅለቅ ስሙ የገነነ ሰው ነው። ሎተሪው እስከተቋረጠበት እስከ 1826 ድረስ ለፊደል ቀራጮች ጥሩ ደንበኛ ሆኖ ቆየ። በመጀመሪያ ሮበርት ቶርን የሚባለው ባለሙያ የነበረውን ፊደል ወስዶ ቋሚውን ብቻ አወፈረው፤ እግሩ ግን እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ቀረ። ሆዱ የገፋ ሰው በቀጭን እግር ሲቆም ማለት ነው። ቀጥሎ ቪንሰንት ፊጊንስ በ1815 እና በ1817 መካከል እግሩንም አብሮ አወፈረው። ፊጊንስ «አንቲክ» ብሎ ሰየመው፣ ጥንታዊ ለማለት። አዲስ ነገር ሲሸጥ ጥንታዊ ብሎ መሰየም ያኔም የታወቀ ዘዴ ነበር።

ቶርን በ1820 ሞተና የፊደል ማቅለጫው ለሽያጭ ቀረበ። የገዛው ዊልያም ቶሮጉድ ነው። ቶሮጉድ ከፊደል ሥራ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ ገንዘቡን ያገኘው ከመንግሥት ሎተሪ አሸንፎ እንደሆነ የሙያው ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። የሎተሪ ማስታወቂያ ያሳደገውን ሙያ የሎተሪ ዕጣ ገዛው። ሰውየው ቶርን ትቶለት የሄደውን ወፍራም ባለ እግር ፊደል በ1821 ገበያ ላይ አዋለው። ስሙንም «ግብጻዊ» አለው።

«ግብጽ» ሲባል ጆሮው የሚቆም አንባቢ እዚህ ላይ ተረጋግቶ ይቀመጥ፤ ነገሩ ከዓባይ ጋር አይገናኝም። ፊደሉ ከግብጽ አልመጣም፣ የጥንት ግብጻውያንም እንዲህ አልጻፉም። ናፖሊዮን በ1798 ግብጽን ከወረረ በኋላ አውሮፓ በግብጽ ፍቅር አብዳ ነበር። እንግሊዞች ከፈረንሳዮች የነጠቁት የሮዜታ ድንጋይ በ1802 ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። በ1812 ለንደን ፒካዲሊ መንገድ ላይ «የግብጽ አዳራሽ» የሚባል የትርኢት ቤት ተከፈተ። የቤት ዕቃው ግብጻዊ፣ የግድግዳ ጌጡ ግብጻዊ ሆነ። ፊደሉም ወፍራምና ከባድ ስለሆነ የፒራሚድ ድንጋይ አስታወሳቸው መሰል፣ ስሙ ተጣበቀበት። የሚገርመው፣ በ1816 የካዝሎን ማቅለጫ ቤት ይህንኑ ስም የሰጠው ጭራሽ እግር ለሌለው ፊደል ነበር። ባለ ወፍራም እግሩም ግብጻዊ፣ እግር አልባውም ግብጻዊ። ከስሙ የሚፈለገው ወሬው እንጂ ትርጉሙ አልነበረም።

የሙያው ባለ ክብሮች ግን አልተዋጠላቸውም። ቶማስ ሃንሳርድ በ1825 ባሳተመው የኅትመት ሙያ መጽሐፉ እነዚህን ወፋፍራም ፊደላት አምርሮ ነቀፈ። ይህ ሰው ዛሬም የእንግሊዝ ፓርላማ ቃለ ጉባኤ በስሙ የሚጠራበት ሃንሳርድ ነው። የክቡራን አባላትን ንግግር በጥሩ የመጽሐፍ ፊደል ለሚያትም ሰው፣ የግድግዳው ጩኸት ስድነት ቢመስለው አይፈረድበትም። ገበያው ግን አልሰማውም።

ከሃያ ዓመት በኋላ የሆነው ነገር ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። የቶሮጉድ ሸሪክ የነበረው ሮበርት ቤዝሊ በ1845 «ክላረንደን» የሚባል ፊደል አወጣ። የቀረጸው ቤንጃሚን ፎክስ ነው። ስሙ የተወሰደው ከኦክስፎርዱ ክላረንደን ማተሚያ ቤት ነው፤ ያም በተራው ስሙን ያገኘው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መኳንንት ከክላረንደኑ ጌታ ከኤድዋርድ ሃይድ ነው። የመንገድ ፊደል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ካባ ለበሰ ማለት ነው። ክላረንደን ከቀደሙት ለስለስ ይላል፤ እግሩ ከቋሚው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በጠርዝ አይቆረጥም፣ በኩርባ ይያያዛል። ጠበብ ስለሚልም ትንሽ ቦታ ይበቃዋል።

የክላረንደን ዋናው አዲስ ነገር መጠኑ ነበር። በትንሹ ተቀርጾ ከተራው የመጽሐፍ ፊደል ጎን በአንድ መስመር ላይ እንዲቆም ታሰበ። ከዚያ በፊት በአውሮፓ መጽሐፍ ውስጥ አንድን ቃል ለይቶ ለማሳየት የፈለገ ሰው ፊደሉን ያጋድለዋል፣ ወይም በጎቲክ ፊደል ይጽፈዋል። በኢትዮጵያ ብራናዎች ይህን ሥራ የሚሠራው ቀይ ቀለም ነው፤ የእግዚአብሔር፣ የማርያምና የቅዱሳን ስም እንዲሁም የምዕራፍ መክፈቻ በቀይ ይጻፋል። ማተሚያ ቤት ግን ሁለተኛ ቀለም ሲጨምር ወረቀቱን ዳግመኛ መጫን ስላለበት ወጪው ይንራል። ክላረንደን ያንን በጥቁሩ ቀለም በአንድ ዙር ፈታው። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች፣ የባቡር ሰዓት ሰንጠረዥ አታሚዎች፣ የመማሪያ መጽሐፍ ደራሲዎች ተሻሙበት። በእንግሊዝ አታሚዎች ዘንድ «ክላረንደን» የሚለው ቃል ራሱ ለማንኛውም ወፍራም ፊደል መጠሪያ እስከመሆን ደረሰ። ዛሬ በስልኩ አንድ ቃል መርጦ የሚያወፍር ሰው የቤዝሊን ሥራ እየደገመ ነው።

ቤዝሊ የሥራውን ዋጋ አላጣውም ነበርና በአዲሱ የዲዛይን ሕግ አስመዘገበው። ሕጉ የሰጠው ጥበቃ ግን ሦስት ዓመት ብቻ ነበር። ሦስቱ ዓመት እንዳለቀ ተፎካካሪዎቹ ሁሉ የየራሳቸውን ክላረንደን አወጡ፤ ብዙዎቹ ስሙን እንኳ ለመቀየር አልተጨነቁም። አንድ ሰው ብዙ ደክሞ ያወጣውን ነገር ሌላው በቀላሉ ገልብጦ ሲሸጠው ማየት ለዛሬ ደራሲና ሙዚቀኛ አዲስ ታሪክ አይሆንበትም። ቤዝሊ በኋላ፣ በ1869፣ የለንደን ከተማ ሎርድ ሜየር ሆኗልና በረሃብ አልሞተም። ፊደሉ ግን ከእጁ ወጥቶ የሁሉም ሆነ። ዓለምን ያዳረሰውም በዚሁ ምክንያት ነው ቢባል ስህተት አይሆንም።

አትላንቲክን ሲሻገር እንጨት ሆነ። ትልቅ ፊደል ከእርሳስ ማቅለጥ አስቸጋሪ ነው፤ ይከብዳል፣ ውድ ነው፣ ሲቀዘቅዝም ገጹ እኩል አይሆንም። በ1827 ዳሪየስ ዌልስ የተባለ የኒው ዮርክ አታሚ እንጨትን በሚሽከረከር መሣሪያ እየቦረቦረ ፊደልን በብዛት ማምረት ጀመረ። በ1834 ዊልያም ሌቨንወርዝ ከአንድ ሞዴል ፊደሉን አሳንሶም አተልቆም፣ ወደ ጎን ለጥጦም የሚገለብጠውን ፓንቶግራፍ ጨመረበት። እንጨቱ ብዙውን ጊዜ ሜፕል የሚባለው ጠንካራ ዛፍ ነው። እንጨት ላይ ደግሞ ቀጭን መስመር ይሰበራል፤ ወፍራሙ ይኖራል። ስላብ ሰሪፍ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ያህል ተስማማ።

አታሚው ማስታወቂያ ሲሠራ እያንዳንዱን መስመር ከዳር እስከ ዳር መሙላት ይፈልጋል። አጭር ቃል ሲመጣ ሰፊውን ፊደል፣ ረጅም ቃል ሲመጣ ቀጭንና ረዘም ያለውን ከመሳቢያው ያወጣል። ስም፣ ዋጋና ቀን ይገዝፋሉ፤ «የ»፣ «በ» እና «ለ» የሚሆኑት ቃላት በደቃቃው ጥግ ላይ ይወሸቃሉ። ወፍራሙን ብቻ እያነበበ ያለፈ ሰው ፍሬ ነገሩን ይዞ ይሄዳል። እነ ፊኒየስ ባርነም የሰርከስ ድንኳናቸውን የሞሉት በእንዲህ ያለ ማስታወቂያ ነው። ከክላረንደን የተወለደ አንድ ዝርያም ነበር፤ እግሩ ከቋሚው በልጦ ይወፍራል፣ ሚዛኑ ተገልብጦ የቆመ ይመስላል። በኋላ የሆሊውድ ፊልሞች ያንን ዝርያ የከብት እረኛና የሽጉጥ ዘመን ምልክት አድርገው ስላስቀሩት፣ ዛሬ ያየው ሰው ሁሉ የፈረስ ኮቴ ይሰማዋል።

ፖለቲካው ከሰርከሱ ወደኋላ አልቀረም። ዲሴምበር 20 ቀን 1860 የደቡብ ካሮላይና ጉባኤ ከአሜሪካ ኅብረት ለመገንጠል 169 ለ 0 ድምፅ ሰጠ። በደቂቃዎች ውስጥ «ቻርለስተን ሜርኩሪ» የተባለው ጋዜጣ ኅብረቱ ፈረሰ የሚል ልዩ እትም መንገድ ላይ በተነ። የገጹን አብዛኛውን ክፍል የያዙት እነዚያ ጥቂት ግዙፍ ቃላት ናቸው። ሲታይ የአንድ ክፍለ ግዛት ጉባኤ ውሳኔ አይመስልም፤ የተፈጸመና የማይቀለበስ ነገር ይመስላል። ኅብረቱ ግን በእርግጥ ፈርሶ ነበር ወይ? ያንን ለመወሰን አራት ዓመት ጦርነትና ከ600 ሺህ በላይ ሰው ሞት አስፈለገ፤ ፍርዱም የፊደሉ ተቃራኒ ሆነ። ወፍራም ፊደል ያለው አቅም ይህ ነው። ሊሆን የሚችለውን እንደሆነ አድርጎ ያቀርባል። በየቻናሉ «ሰበር» በሚል ቃል ሥር የሚለጠፈውን ለሚከታተል ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጦርነቱ ባለቀ ማግስት መንግሥትም በዚሁ ድምፅ ጮኸ። ፕሬዚዳንት ሊንከን ኤፕሪል 14 ቀን 1865 በጥይት ተመቶ በማግስቱ ሞተ። ኤፕሪል 20 ቀን የጦር ሚኒስቴር የ100 ሺህ ዶላር ወሮታ ማስታወቂያ አወጣ፤ 50 ሺህ ለገዳዩ ለጆን ዊልክስ ቡዝ፣ 25 ሺህ ለጆን ሱራት፣ 25 ሺህ ለዴቪድ ሄሮልድ። ወረቀቱ ላይ የዘመኑ የማስታወቂያ ፊደላት፣ ወፍራሙም ሰፊውም፣ ተደባልቀው ተሰልፈዋል። የአገሪቱ ትልቁ ወንጀል፣ ትልቁ ወሮታ። እና የሄሮልድ ስም በስህተት «ሃሮልድ» ተብሎ ታተመ። መንግሥት በሙሉ ድምፁ ጮኾ የሚፈልገውን ሰው ስም ሳተ። የፊደሉ ውፍረት አንዲቱን ስህተት አላረማትም፤ ከሩቅ እንድትታይ ብቻ አደረጋት። ቡዝ በስድስተኛው ቀን ተገደለ፣ ሄሮልድ እጁን ሰጠ። ሱራት ግን አምልጦ በመጨረሻ በ1866 የተያዘው በእስክንድርያ ነው፤ ግብጽ ውስጥ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፊደሉ ከመንገድ ወደ ቢሮ የገባበት ነው። የጽሕፈት መኪና ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ቦታ ይሰጣል፤ ቀጭኑ አይም ሰፊው ኤምም ያው ናቸው። ቀጭኑ ፊደል ባዶ ቦታ እንዳይተው እግሩን ወደ ግራና ቀኝ መዘርጋት ነበረበት። ሰፊ እግር በቴክኒክ ግዴታ ተመለሰ፣ ውፍረቱ ግን ሳሳ። ከእነዚህ የታወቀው በ1950ዎቹ አጋማሽ ሃዋርድ ኬትለር ለአይቢኤም የቀረጸው «ኩሪየር» ነው። አይቢኤም በሕግ ስላላስከበረው ሁሉም ወሰደው፤ ቤዝሊ ሳይወድ የደረሰበትን ኩባንያው ወዶ አደረገው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እስከ 2004 ድረስ ሰነዶቹን በዚህ ፊደል ይጽፍ ነበር። በጎዳና ጩኸት የተጀመረ ቤተሰብ የዲፕሎማሲ ምስጢር ጸሐፊ ሆነ።

የቱታንኻሙን መቃብር በ1922 ሲገኝ የግብጽ ፍቅሩ እንደገና አገረሸና አዳዲስ ስላብ ሰሪፎች ሜምፊስ፣ ካይሮ፣ ካርናክ የሚሉ ስሞች ወጡላቸው። ሲቲ የሚባለው የ1930 የጀርመን ፊደል በ1956 ለፖል ራንድ የአይቢኤም ዓርማ መነሻ ሆነ። በሶኒ ቴሌቪዥን ግርጌ ላይ ያለውን ስም ያየ፣ በቮልቮ መኪና ላይ የተጻፈውን ያስተዋለ ሰው ያንኑ ሰፊ እግር ያገኛል። ሦስቱም የሚሸጡት እምነት ነው፤ አይበላሽም፣ አይገለበጥም፣ አይወድቅም። ፊደሉ ከተወለደበት ከሎተሪ ማስታወቂያ ጋር ሲያስተያዩት ፈገግ ያሰኛል። የእንግሊዙ «ጋርዲያን» ጋዜጣም በሴፕቴምበር 2005 ገጹን ሲለውጥ ፖል ባርንስና ክርስቲያን ሽዋርትዝ የሠሩለትን «ጋርዲያን ኢጂፕሺያን» የሚባል ፊደል ለአርእስቶቹ መረጠ። ረጋ ያለ፣ እግሩ የሚታይ፣ የማይጮህ።

የእንጨቶቹ ፊደላት ዕጣ ይለያል። የማተሚያ ቴክኖሎጂው ሲለወጥ ብዙዎቹ ተጣሉ፣ ምድጃም የገቡ አሉ። በ1880 ጄምስ ኤድዋርድ ሃሚልተን የእንጨት ፊደል ማምረት በጀመረባት በቱ ሪቨርስ፣ ዊስኮንሲን፣ ዛሬ 1.5 ሚሊዮን ያህል የእንጨት ፊደላት የያዘ ሙዚየም አለ። ክላረንደኑም፣ አንቲኩም፣ የሰርከሱም በየመሳቢያቸው ተደርድረዋል። ሙዚየሙ ዛሬም ያትማል፤ ጎብኚ ሜፕሉን በእጁ ይዞ፣ ቀለም ቀብቶ፣ የፈለገውን ቃል ወረቀት ላይ ይጫናል።